ሌይኮክ፦ የገጠር መንደርንና ቤተ ክርስቲያኗን ፎቶ ስለማንሳት

በእንግሊዝ አገር፣ ዊልትሸር በሚባለው አውራጃ፣ ከቺፕንሃም ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ሌይኮክ የምትባል መንደር አለች። አራት ዋና መንገዶች አሏት፤ አራቱ ተገጣጥመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ። በመንደሯ ጠርዝ ላይ ጥንት የሴት መነኮሳት ገዳም የነበረ ትልቅ የድንጋይ ቤት ቆሟል። በኦገስት 1835 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዚያ ቤት ጌታ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከቤቱ የደቡብ ክንፍ መስኮቶች አንዱን ከቴምብር እምብዛም በማትበልጥ ወረቀት ላይ በብርሃን ቀረጸው። እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት የካሜራ ኔጌቲቮች ሁሉ ቀደምቷ ያች ወረቀት ናት።

የእንግሊዝን የገጠር መንደርና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ፎቶ እንደሚያነሱ ለማስረዳት ሌይኮክን የመረጥሁት ግን ስለ ታልቦት ብቻ ብዬ አይደለም። መንደሯ ለተማሪ ትመቻለች። ትንሽ ናት፤ ቤቶቿ የልዩ ልዩ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ደግሞም እጅግ ብዙ ሰው ስላነሣት፣ ፎቶ አንሺ የት ላይ እንደሚስት በግልጽ ይታይባታል። የሚስተውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከመኪና ወርዶ፣ ዓይኑን የሳበውን አይቶ፣ እዚያው ቆሞ ያነሣል። ሕንፃው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ወጪውን ማን እንደቻለ አይጠይቅም። እነዚህ ለታሪክ ጸሐፊ የሚተዉ ጥያቄዎች ይመስላሉ። ካሜራው የት እንደሚቆምና በስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚወስኑት ግን እነርሱ ናቸው፤ ይህ ጽሑፍም በዚህ አንድ ነገር ዙሪያ ይመላለሳል።

ስለዚህ በጥቂቱ ከታሪኳ እንጀምር። ገዳሙን በ1229 የመሠረተችው ኤላ የተባለች የሶልዝበሪ ባላባት ናት። መንደሯ በገዳሙ ጥላ ሥር አደገች፤ በበግ ሱፍና በጨርቅ ንግድም ከበረች። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የአገሪቱን ገዳማት ሲዘጋ የሌይኮክም ተራ በ1539 ደረሰ። ዊልያም ሻሪንግተን የተባለ ሹም ገዛውና የገዳሙን ቤተ ክርስቲያን አፍርሶ የቀረውን መኖሪያ አደረገው፤ መነኮሳቱ ይመላለሱበት የነበረውን፣ ጣሪያው በቅስት የተሠራውን ዙሪያ መተላለፊያ ግን አልነካውም። ርስቱ በትውልድ ሲወርድ ሲዋረድ ከታልቦት ቤተሰብ እጅ ገባ። በኋላ የጨርቁ ሥራ ፋብሪካ ወዳላቸው ከተሞች ሲሄድ መንደሯ ደኸየች፤ አዲስ ቤት የሚሠራበት ገንዘብ ስላልነበረ አሮጌው ሳይፈርስ ቀረ። በ1944 ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንም የመንደሩን አብዛኛውን ክፍልም በ1895 ለተቋቋመው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት፣ ለናሽናል ትረስት ሰጠች።

ከዚህ ታሪክ ፎቶ አንሺን በቀጥታ የሚመለከተው የመጨረሻው ነው። በሌይኮክ መንገዶች ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተንዘላዝሎ፣ በጣሪያዎቿም ላይ የቴሌቪዥን አንቴና ተተክሎ እምብዛም አይታይም። ሆን ተብሎ እንዳይታይ ተደርጓል። የፊልም ሠሪዎች የሚመላለሱባትም ለዚህ ነው፤ ቢቢሲ በ1995 የጄን ኦስተንን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ሲሠራ መንገዶቿን ተጠቅሟል፣ በ2001 የወጣው የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ፊልምም የገዳሙን መተላለፊያ። እንግዲህ በፎቶ ላይ «ምንም ያልተለወጠች ጥንታዊት መንደር» ሆና የምትታየው በከፊል የአስተዳደር ውሳኔ ስለሆነ ነው። ይህን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ በውበቷ ቶሎ አይታለልም።

አሁን ወደ ታልቦት እንመለስ፤ የእርሱ አሠራር ራሱ ትምህርት ነውና። በ1833 በኢጣልያ ኮሞ ሐይቅ ዳር ሆኖ በመሣሪያ እየታገዘ መልክዓ ምድር ለመሣል ሞከረ። እጁ እምቢ አለው። ካሜራ ኦብስኩራ በሚባለው ሣጥን ውስጥ ብርሃን በሌንስ አልፎ የሚሠራው ምስል በራሱ ወረቀት ላይ ቢቀር እንዴት መልካም ነበር ብሎ ያን ጊዜ አሰበ። አገሩ ተመልሶም ሥራውን ጀመረ። ወረቀቱን በተራ የገበታ ጨው ውኃ ይነክራል፤ ከደረቀ በኋላ የብር ናይትሬት ይቀባዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ሲልቨር ክሎራይድ የሚባል፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ነገር ይፈጠራል። ብርሃን የበዛበት ቦታ ይጠቁራል፣ ጥላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ኔጌቲቭ የምንለው ይህ ነው። ምስሉ ከዚያ ወዲያ መጥቆሩን እንዲያቆም ደግሞ ጠንካራ የጨው ውኃ ወይም ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ለማየት በወጣ ቁጥር እየጠቆረ ይጠፋል።

በ1835 በጋ ታልቦት ትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች አዘጋጅቶ በቤቱ ዙሪያ አኖራቸው። ሚስቱ ኮንስታንስ የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። ሣጥኖቹ ያነሱት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሌንሱ ወደ ወረቀቱ ሲቀርብና ምስሉ ሲያንስ ብርሃኑ በጠባብ ቦታ ላይ ይጠራቀማል፣ የመጠበቂያው ጊዜም ያጥራል። እንደ ራሱ አተራረክ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰብስቦ ሲከፍታቸው በየሣጥኑ ውስጥ ፊት ለፊቱ የነበረው ነገር ትንሽ ሥዕል ሆኖ ተገኘ። የመስኮቷን ኔጌቲቭ ከለጠፈበት ካርድ ላይም ወሩንና ዓመቱን፣ እንዲሁም መጀመሪያ ሲሠራ ሁለት መቶ ያህሉ የመስተዋት ቁርጥራጮች በማጉያ መነጽር ሊቆጠሩ ይችሉ እንደነበር ጻፈበት። ምስሏ ዛሬ ደብዝዛለች፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በጃንዋሪ 1839 ፈረንሳዊው ዳጌር በብር በተለበጠ ሳሕን ላይ ምስል መያዙ በፓሪስ ታወጀ፤ ታልቦትም ተጣድፎ በዚያው ወር 31 ቀን ሥራውን ለንደን ላይ ለሮያል ሶሳይቲ አስነበበ። የዳጌር ምስል ጥርት ያለ ነበር፣ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቅጂ አይወጣለትም። ከታልቦት ኔጌቲቭ ግን የተፈለገውን ያህል ቅጂ ይታተማል። በ1840 ደግሞ ምስሉ ገና ለዓይን ሳይታይ ወረቀቱ ላይ እንደሚገኝ፣ በመድኃኒትም ሊወጣ እንደሚችል ደረሰበት። ካሎታይፕ ብሎ የሰየመው ይህ ዘዴ የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ ደቂቃዎች አወረደው፤ ፊልም እስከ ቀረበት ዘመን ድረስ የኖረው መሠረተ ሐሳብም ይኸው ነው።

ለእኛ የሚጠቅመን ግን ታልቦት ምን ለማንሳት እንደመረጠ ነው። ከ1844 እስከ 1846 በክፍል በክፍል ባሳተመው «ዘ ፔንስል ኦቭ ኔቸር» ውስጥ «የተከፈተው በር» የሚል ፎቶ አለ። የሚያሳየው በሌይኮክ ያለ አንድ የበረት ደጃፍ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ በመቃኑ ላይ የጭራሮ መጥረጊያ ዘንበል ብሎ ተደግፏል፤ በአንድ በኩል ፋኖስ ተሰቅሏል፣ በሌላው በኩል የፈረስ ልጓም። የመጥረጊያው ጥላ በሩ ላይ ሰያፍ ሆኖ ወድቋል። መነኮሳት የጸለዩበት፣ ባላባት የኖረበት ያን ያህል ግቢ እያለው መጥረጊያ አነሣ። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ ከተነሡት የሌይኮክ ፎቶዎች አብዛኞቹ ይህን አይደርሱበትም። ጥላው በትክክለኛው ቦታ እስኪወድቅ መጠበቅ ነበረበት፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ ለማወቅም ግቢውን በየሰዓቱ ማየት ነበረበት።

ይህ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይወስደናል። የሌይኮክ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተሠየመው በቅዱስ ቂርቆስ ነው፤ እንግሊዞቹ ሴይንት ሲሪያክ ይሉታል። ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነት የተቀበለው፣ በእኛ ዘንድ ሐምሌ 19 ቀን ከቅዱስ ገብርኤል ጋር የሚታሰበው ሕፃን ነው። በእንግሊዝ በስሙ የተሠየሙ አብያተ ክርስቲያናት ጥቂት ናቸው። ጣና ቂርቆስን ወይም የአዲስ አበባውን ቂርቆስ የሚያውቅ ሰው በዊልትሸር ገጠር ይህን ስም ሲያገኝ መደነቁ አይቀርም። ሕንፃው በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ በመንደሩ ምሥራቃዊ ጫፍ ቆሟል። አሁን የሚታየው አብዛኛው ክፍል የሱፍ ገንዘብ በነበረበት በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን የታነጸ ነው፤ የመስኮቶቹም ስፋት ይህንኑ ይመሰክራል። መስኮት ማስፋት ወጪ ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ድጋፉ መጠንከር አለበት፣ የመስተዋቱም ዋጋ አለ።

አሁን ዋናው ነገር። እንደ እኛው ሁሉ የእንግሊዝ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትም መሠዊያቸው በስተምሥራቅ ነው። የደወሉ ማማ ብዙውን ጊዜ በምዕራብ ጫፍ ይቆማል። ይህን ብቻ ያወቀ ሰው ኮምፓስ ሳይዝ፣ ቦታውንም ከዚያ በፊት ሳያይ፣ በስንት ሰዓት መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ምሥራቃዊው ትልቅ መስኮት የጠዋት ነው። የደቡቡ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ አብዛኛው ቱሪስት የሚያነሣውም እሱን ነው። ማማውና የምዕራቡ በር ከሰዓት በኋላ ይደምቃሉ። በሌይኮክ ቸርች ስትሪት የተባለው መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ የመንገዱን ቤቶች አስቀድሞ ማማውን ከኋላ ለማሳየት የሚፈልግ ሰው ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ጠዋት ከመጣ ፀሐይ ከፊቱ ትሆንበትና ማማው ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀርበታል።

የሰሜኑ ግድግዳ ግን የተለየ ጠባይ አለው። በአዲስ አበባ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ቀኑም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ሌይኮክ ከምድር ወገብ 51 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ስላለች ነገሩ ሌላ ነው። በዲሴምበር መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ወጥታ ወደ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በጁን መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ 62 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ወጥታ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ድረስ አትጠልቅም። በዚህ ወቅት የምትወጣው ከሰሜን ምሥራቅ፣ የምትጠልቀውም በሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ ሌላውን ጊዜ ሁሉ በጥላ የሚኖረው የሰሜን ግድግዳ በበጋ ማለዳና በበጋ ምሽት ብቻ ፀሐይ ያያል። ያም ብርሃን ግድግዳውን ታክኮ የሚያልፍ ነው፤ እያንዳንዱን የመጥረቢያ ምልክት፣ እያንዳንዱን በዝናብ የተበላ ጠርዝ ያወጣዋል። ለዚያ ብርሃን ሲል እራት የሚተው ፎቶ አንሺ አይከስርም።

ከዚህ ልዩነት ሌላም ጥቅም አለ። እኛ አገር ፀሐይ በቀጥታ ስለምትወርድ የጠዋትና የማታው ለስላሳ ብርሃን ቶሎ ያልፋል። እንግሊዝ ውስጥ በአግድም እየተንሸራተተች ስለምትጠልቅ ያው ብርሃን ረዥም ጊዜ ይቆያል፤ በክረምት እንዲያውም፣ ደመና ካልጋረደ፣ ቀኑን ሙሉ ብርሃኑ ዝቅ ያለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፎቶ የተማረ ሰው በቀትር ካሜራውን ማጠፍ ልማዱ ይሆናል። በዲሴምበር ሌይኮክ ላይ ቀትር ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው።

ሕንፃውን ሲያነሡ ከሁሉ የሚያስቸግረው ቁመቱ ነው። ማማውን በሙሉ ለማስገባት ካሜራውን ቀና ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ወደ ላይ እየጠበበ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የካሜራው ሴንሰር ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ሲቀር የላይኛው ክፍል ከታችኛው ይርቃል፣ የራቀው ደግሞ ያንሳል። ትይዩ እስከሆነ ድረስ መስመሮቹ አይዛነፉም። ስለዚህ ካሜራውን ሳያጋድሉ ወደ ኋላ መራቅ የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። ያን ጊዜ የፎቶው የታችኛው ግማሽ ሣር ብቻ ይሆናል ብለው አይዘኑ፤ እዚያ ቦታ የመቃብር ድንጋይ፣ የአጥር በር፣ ወይም እርጥብ መንገድ ይግባ። ሁለተኛው ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ከፍ የሚያደርግ ለሕንፃ የተሠራ ልዩ ሌንስ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። ሦስተኛው በኮምፒውተር ማቅናት ነው። ይህን ካሰቡ በዙሪያው ሰፊ ቦታ ትተው ያንሱ፤ ሲቀና ጠርዙ ይቆረጣልና። እስከ መጨረሻው ፍጹም ማቅናትም ደግ አይደለም። ከሥሩ ቆመን ሽቅብ ስናይ ማማ በጥቂቱ መጥበቡን ዓይናችን ለምዶታል፤ ጨርሶ ሲቀና ላዩ የሰፋ ይመስላል።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ችግሩ ይገለበጣል። መስኮቱ እጅግ ብሩህ ነው፣ ማዕዘኑ ጨለማ ነው፤ የትኛውም ካሜራ ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም። የተለመደው መፍትሔ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ አስሮ፣ ሳይነቃነቅ፣ አንዱን ለመስኮቱ፣ አንዱን ለግድግዳው፣ አንዱን ለመሀሉ አድርጎ ሦስት ጊዜ ማንሳትና በኋላ ማዋሐድ ነው። አይኤስኦውን ዝቅተኛ፣ አፐርቸሩን 8 አካባቢ አድርገው ሻተሩ ሰከንዶች ቢቆይም ምንም አይደለም፤ ድንጋይ አይንቀሳቀስም። ከቻሉ የኤሌክትሪክ መብራቱ እንዲጠፋ ይጠይቁ፤ ቢጫው የአምፖል ብርሃን ከሰማያዊው የመስኮት ብርሃን ጋር ሲደባለቅ ድንጋዩ የራሱ ያልሆነ ቀለም ይይዛል። ለሥዕላዊ መስተዋት ደመናማ ቀን ይመረጣል። ፀሐይ በቀጥታ ስትመታው አንዱ ክፍል ሲነድ ሌላው ይጠፋል።

ማዋሐዱ ላይ ግን ልክ ያስፈልጋል። ጥላው ሁሉ ተገልጦ፣ መስኮቱም ግድግዳውም እኩል በርቶ የሚታይ ፎቶ በየቦታው አለ፤ ድንጋዩ ፕላስቲክ ይመስላል። የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ጨለማ ማዕዘን አለው። ጨለማው ይቅር።

በሌይኮክ ቂርቆስ ውስጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ጸሎት ቤት ነው። የድንጋይ ጣሪያው በቀጫጭን የድንጋይ ዘንጎች እንደ መረብ ተሠርቷል፤ ዘንጎቹ በሚገናኙበትም ቅርጽ ያላቸው እብጠቶች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በጥንቃቄ ለሚያይ የመካከለኛው ዘመን ቀለም ቅሪት እዚህም እዚያም ይታያል፤ ዛሬ ግራጫ የምናየው ይህ ሕንፃ በዘመኑ ኅብረ ቀለም የለበሰ ነበር። የሻሪንግተን መቃብርም እዚሁ ነው፤ ገዳሙን ገዝቶ ቤተ ክርስቲያኑን ያፈረሰው ሰው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። ጣሪያውን ለማንሳት ካሜራውን ወለሉ ላይ በጀርባው አስተኝተው፣ ሰዓት ቆጣሪውን ሞልተው ፈቀቅ ማለት ይበቃል፤ ከዚያ የተሻለ መቆሚያ የለም። በመቃብሩ ላይ ያለውን ቅርጽ ግን ፊት ለፊት በፍላሽ አይምቱት፤ ይጠፋል። ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ ያድርጉ።

ወደ መንገዱ ስንወጣ ፈተናው መኪና ነው። ሌይኮክ ሙዚየም አይደለችም፤ ሰው ይኖርባታል፤ የሚኖርም ሰው መኪናውን ደጁ ላይ ያቆማል። ብዙዎች በዚህ ይበሳጫሉ፤ በማለዳ ተነሥተው ባዶ መንገድ ለማግኘት ይሽቀዳደማሉ። ማለዳው መልካም ነው። ግን መኪናውንም፣ የቆሻሻ መጣያውንም፣ ሰውንም ከፎቶ ለማስወጣት ሲሉ መንደሯን ራሷን የሚያስወጡ አሉ። ይልቅ ወደ ዝርዝሩ ይጠጉ። በቸርች ስትሪት አንድ ቤት በጎኑ ግድግዳ ላይ አጽሙን ያሳያል፤ ጎባጣ የኦክ ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሁለቱ ክፋዮች ከመሬት ተነሥተው ከጣሪያው ጫፍ ላይ ተደጋግፈዋል። እንግሊዞች ክራክ የሚሉት የ14ኛው መቶ ዘመን አሠራር ነው። በዚያው ዘመን የተሠራና ለገዳሙ የሚገባው አሥራት፣ እህሉም ቆዳውም ሱፉም፣ የሚከማችበት ጎተራ ዛሬም ቆሟል። ቤቱንና ጎተራውን ጎን ለጎን ያነሣ ሰው ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄድ እንደነበር በሁለት ፎቶ ተናገረ ማለት ነው።

ስለ ደመና አንድ ቃል። የእንግሊዝ ሰማይ ብዙ ቀን ነጭ ነው፤ ነጭ ሰማይ ደግሞ በፎቶ ላይ ባዶ ቦታ ነው። መድኃኒቱ ሰማዩን አለማስገባት ነው። በሮች፣ የመስኮት ክፈፎች፣ የድንጋይ ጣሪያዎች፣ በሻጋታና በድንጋይ ሽበት የተሸፈኑ የመቃብር ድንጋዮች ሁሉ በደመና ቀን ያምራሉ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ ድንጋዩ ይጠቁራል፣ ቀለሙም ይጎላል። ያን ጊዜ ፖላራይዘር ፊልተር ከሣሩና ከድንጋዩ ላይ ያለውን ነጸብራቅ ይቀንሳል።

ወደ ሥነ ሥርዓቱ እንምጣ። በእንግሊዝ ሕግ ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆኖ ሕንፃ ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፤ የ1988ቱ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 62 የሕንፃ ፎቶ የቅጂ መብትን እንደማይጥስ ይደነግጋል። በናሽናል ትረስት ይዞታ ውስጥ ለንግድ ለማንሳት ግን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቆሚያ ከመዘርጋት በፊት የአጥቢያውን ኃላፊ ማነጋገር ይገባል፤ ጸሎት፣ ሠርግ ወይም ቀብር ካለ ካሜራው ሻንጣው ውስጥ ይቆይ። የመቃብር ድንጋይ ላይ የተጻፈው ካልተነበበ አይፈግፍጉት፤ የሸፈነው የድንጋይ ሽበት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ፊደሉም አብሮ ይረግፋል። ትንሽ መስተዋት ይዘው ፀሐይን ከጎን ቢያንጸባርቁበት ጽሕፈቱ ይወጣል። የሰው ሳሎን በመስኮት አጮልቆ ማንሳት ነውር ነው።

ይህን ሁሉ ድካም ማን ይፈልገዋል ቢባል፣ እንግሊዞች ራሳቸው ደጋግመው ፈልገውታል። ፍሬድሪክ ኢቫንስ የተባለው የቀድሞ የለንደን መጻሕፍት ነጋዴ በ1903 በዌልስ ከተማ ካቴድራል ውስጥ በሰው እግር የተበሉትን ደረጃዎች አነሣ፤ ያ ፎቶ እስከ ዛሬ የሕንፃ ፎቶ ትምህርት ነው። ቤንጃሚን ስቶን የተባለው የፓርላማ አባል በ1897 የአገሪቱን ሕንፃዎችና የገጠር ልማዶች በፎቶ የሚመዘግብ ማኅበር መሠረተ፤ ሥራውም ለብሪቲሽ ሙዚየም ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ከተሞቹን ሲያፈርስ ደግሞ፣ ታሪካዊ ሕንፃዎች ሳይጠፉ ፎቷቸው ይያዝ ተብሎ በ1941 ብሔራዊ የሕንፃዎች መዝገብ ተቋቋመ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ ሕንፃዎች አሏት፤ ብዙዎቹ ምእመናን የተመናመኑባቸው የገጠር አጥቢያዎች ናቸው። ሌይኮክ የታወቀች ስለሆነች የእርስዎ ፎቶ ባይኖርም አይጎድልባትም። ከእርሷ አሥር ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው፣ ማንም የማያውቀው አጥቢያ ግን ይጎድልበታል።

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ አንባቢዎች፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሜራችሁን፣ ወይም ስልካችሁን፣ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ሳታነሡ አንድ ጊዜ ዙሩት። ከዚያ አራቱንም ጎን አንሡ፤ የሰሜኑን አትዝለሉ። ፎቶውን ስታስቀምጡ የመንደሩን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያነሣችሁበትንም አቅጣጫ ጻፉበት። ይህ ያልተጻፈበት ፎቶ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም።